ካሜራዎ ቆላ ሲወርድ

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። ጎፋ መብራት ኃይል፣ እኛ ቤት፣ ራት ተነሥቶ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዕቃ ተዘርግቷል። አንድ ካሜራ፣ ሁለት ሌንስ፣ አራት ባትሪ፣ ስድስት ሚሞሪ ካርድ፣ ክዳናቸው ጥብቅ የሆነ የፕላስቲክ ምግብ ማስቀመጫዎች፣ ዚፕ ያላቸው የላስቲክ ከረጢቶች፣ እንዲሁም ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ ስለቅማቸው የከረምኩ እርጥበት የሚመጡ ትንንሽ ከረጢቶች። የስምንት ዓመቱ ልጄ ጠረጴዛውን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «እማዬ፣ ካሜራው ምሳ ሊቋጠርለት ነው?» አለኝ።

ነገሩ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ነገ ንጋት ላይ ወደ ሰመራ እንነሣለን። ታናሽ ወንድሜ እዚያ ሥራ ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆነው፤ አግብቶ በቅርቡ የመጀመሪያ ልጁን ወልዷል። እናቴ 76 ዓመቷ ነው። የልጅ ልጇን እስካሁን ያየችው በስልክ ብቻ ነው። «ለገና ሄጄ ካላቀፍኩት በዓሉም በዓል አይሆንልኝ» ካለች ወዲህ የቤቱ ወሬ ሁሉ ይኸው ጉዞ ሆኗል። ባለቤቴ መኪናውን አስፈተሸ፣ እህቴ ስንቁን ያዘች። ለእኔ የደረሰኝ ሥራ አንድ ነው፤ እናቴ ሕፃኑን የምታቅፍበትን ቅጽበት ይዞ መመለስ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ሥራ እንደ ቀላል አላየውም። አንድ ጊዜ አጥፍቼዋለሁና።

የመተሐራው ጥድፊያ

ከዓመታት በፊት ለጥምቀት ድሬዳዋ ወርደን ነበር። የእናቴ ታላቅ እህት፣ ሁላችንም «እታለም» የምንላት፣ ከዚራ ትኖር ነበር። ካሜራ ስታይ ፊቷን በነጠላዋ የምትሸፍን ሴት ናት። በዚያ ዓመት ግን ምን እንደታያት እንጃ፣ በራሷ ጊዜ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ግቢዋ ውስጥ ዛፉ ሥር ወንበር አስቀምጣ፣ «ኑ፣ ከልጆቼ ጋር አንሡኝ» አለች። 11 የልጅ ልጆቿ ከበቧት። ባለቤቴ ሁለት ቀን ሙሉ ስትስቅ፣ ቡና ስታፈላ፣ ሕፃናቱን ስትመርቅ አነሣት።

ስንመለስ ካሜራው ከአዋሽ ጀምሮ «ለቅርብ ይሁን» ተብሎ ዳሽቦርዱ ላይ ተቀምጦ መጣ። መተሐራ ስንደርስ የበሰቃን ሐይቅ ለማንሣት ቆምን። እኩለ ቀን ነው፤ ነፋሱ አቧራውን ያነሣዋል። ባለቤቴ እዚያው መንገድ ዳር ሌንስ ቀየረ። ካርዱን አውጥቶ በአቧራማ ጣቱ መልሶ ከተተው። ካሜራው «ካርዱን ማንበብ አልቻልኩም» የሚል ምልክት አሳየ፤ ፀሐዩ ግን መስታወቱ ላይ ስለሚያንጸባርቅ ጽሑፉ በደንብ አይታይም። ልጆቹ ርቧቸዋል። «ቶሎ በል እንጂ!» እያልኩ የማጣድፈው እኔ ነኝ። ካሜራው አንድ ነገር ጠየቀ፤ እርሱም «እሺ» የሚለውን ተጫነ። የጠየቀው «ካርዱን ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ነበር።

ይህን ያወቅነው ማታ አዲስ አበባ ከገባን በኋላ ነው። እስከዚያ በዚያው ካርድ ላይ ሌላ ብዙ ፎቶ አንሥተንበታል። ካርድ ፎርማት ሲደረግ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው የፎቶዎቹ ማውጫ ነው፤ ፎቶዎቹ ራሳቸው ሌላ እስኪጻፍባቸው ድረስ ካርዱ ላይ ይቆያሉ። ወዲያው አውጥተን አስቀምጠነው ቢሆን ኖሮ ባለሙያ ብዙውን ይመልስልን ነበር። እኛ ግን የእታለምን ፊት በሐይቅ ሸፈንነው። የተመለሱልን ጥቂት ፎቶዎች ናቸው፤ እርሷ ያለችበት አንድ ብቻ፣ እርሱም ግማሹ የተቆረጠ። የሐይቁ ፎቶዎች ደግሞ ሰማያቸው ላይ ክብ ክብ ግራጫ ነጠብጣብ ወጥቶባቸው ነበር፤ ሌንስ ስንቀይር የገባው አቧራ ነው።

እታለም ለሚቀጥለው ፋሲካ አልደረሰችም። ለቅሶው ላይ ተጎልቶ የቆመው ፎቶ ለመታወቂያ የተነሣችው ነበር። ሳቋ የለበትም።

ጥፋቱን ለበረሃው ልንሰጥ ሞክረን ነበር። ቆይተን ስናስበው ግን በረሃው የሠራው ትንሹን ነው። ትልቁን የሠራነው እኛ ነን፤ በማይከፈትበት ቦታ ከፈትን፣ በማይቸኮልበት ቸኮልን፣ ሁለት ቀን ያነሣነውን ሁሉ አንድ ካርድ ላይ አከማችተን ተጓዝን። ከዚያ ወዲህ የያዝኩት ደንብ አጭር ነው። ካሜራን ከቆላ የሚያድነው ውድ ቦርሳ ሳይሆን የተዘጋ ቦርሳ ነው። ከካሜራውም በፊት የሚድነው ፎቶው ነው።

አቧራ በር ሲከፈትለት ይገባል

አቧራን ለማየት አፋር መውረድ አያስፈልግም። እኛ ጎፋ ሕንፃ ሲሠራ፣ መንገድ ሲቆፈር ጠዋት የተወለወለ መስኮት ማታ ጣት ያስነክራል። የስምጥ ሸለቆው አቧራ ግን ደረቅና ቀላል ነው፤ ከሰዓት በኋላ መሬቱ ሲግል ነፋስ አዙሮ እንደ ምሰሶ ሲያቆመው ከመኪና መስኮት ይታያል። በውስጡ ካሉት ቅንጣቶች ኳርትዝ የሚባለው ከሌንስ መስታወት ይጠነክራል። ስለዚህ አቧራ ያለበትን ሌንስ በጨርቅ መጥረግ ማለት በአሸዋ መፈተግ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቤታችንን ልማድ ላንሣ። አብዛኞቻችን ሌንስና መነጽር የምንጠርገው በነጠላ ጫፍ፣ በሸሚዝ ወይም በሶፍት ነው። ነጠላው ብናኝ ይተዋል፤ ሶፍቱም እንደዚያው፣ ይባስ ብሎ ሻካራ ነው። ምስር ድንጋዩ ሳይለቀም እንደማይቀቀል ሁሉ ሌንስም አሸዋው ሳይነሣለት አይጠረግም። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ በእጅ የምትጨመቀውን የጎማ አየር መንፊያ ይጠቀሙ። ቀጥሎ ለዚሁ ብቻ የተቀመጠ ለስላሳ ብሩሽ። በመጨረሻ፣ ቅባት ወይም የጣት አሻራ ከቀረ ብቻ፣ የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ። በአፍ አይንፉ፤ ምራቅ አቧራውን ጭቃ ያደርገዋል።

አቧራ ወደ ካሜራው ሆድ የሚገባባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ሌንስ ሲቀየር ነው። መድኃኒቱም አለመቀየር ነው። ለቤተሰብ ጉዞ ሰፊውንም ጠባቡንም የሚያነሣ አንድ ሌንስ፣ ለምሳሌ ከ18 እስከ 135 ሚሊ ሜትር የሚሄደው ዓይነት፣ ከቤት ገጥመው ይውጡና ማታ ክፍል እስኪገቡ አይንቀሉት። ሁለተኛ ሌንስ ከያዙ ቤት ውስጥ ብቻ የሚወጣ ይሁን። ሁለተኛው መንገድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። እየረዘመ እያጠረ የሚሠራ ሌንስ እንደ አንጥረኛ ወናፍ አየር ይስባል፤ አቧራ በተነሣበት ቦታ ወዲያና ወዲህ ባወዛወዙት ቁጥር አቧራውን ያጠጡታል። መኪና አልፎ አቧራው እስኪቀመጥ ሁለት ደቂቃ መታገሥ ከማንኛውም ሽፋን ይበልጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ ሰመራ ደግሞ ከ500 ሜትር በታች። ጎፋ ላይ ከድነው የያዙት ባዶ የውሃ ፕላስቲክ አዋሽ ሲደርስ ተጨማድዶ ያገኙታል፤ ታች ያለው አየር ስለሚከብድ ነው። ጥብቅ ክዳን ያለው የምግብ ዕቃም እንዲሁ ይሆናል። ሲከፍቱት ሽው ብሎ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚከፍቱት ነፋስ ላይ ሳይሆን መስኮቱ የተዘጋ መኪና ወይም ቤት ውስጥ ይሁን።

ሙቀቱስ?

አብዛኞቹ ካሜራዎች እንዲሠሩ የተሰናዱት ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ባለው አየር ውስጥ ነው። ብዙ ስልኮች ደግሞ 35 ላይ ያቆማሉ። በታኅሣሥና በጥር የሰመራ ቀን ከነሐሴው ይሻላል፤ ሆኖም ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ዳሽቦርዱ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ስለዚህ ካሜራ ከዳሽቦርድ ላይ ይነሣ፣ ከኋላ መስታወት ሥርም ይነሣ። ምሳ ለመብላት ሲቆሙ ቦርሳው እንደ ሕፃን አብሮ ይውረድ።

ለመንገዱ እኔ የምጠቀመው ቀላል ዘዴ አለ። በረዶ ያልተደረገበት አይስ ቦክስ ካለዎት ሙቀትን በመከላከል ከብዙ ቦርሳ ይበልጣል። ከሌለዎት ደግሞ ጋቢ አለ። ዕቃው በሚገባ ታሽጎ ቦርሳው ከተዘጋ በኋላ ቦርሳውን በታጠፈ ነጭ ጋቢ ይሸፍኑትና ከፊት ወንበር ጀርባ፣ ወለሉ ላይ ያስቀምጡት። ነጩ ፀሐይን ይመልሳል፣ ውፍረቱ ሙቀቱን ያዘገያል፣ ወለሉም ከጣሪያው ይቀዘቅዛል። ጋቢው የሚነካው ቦርሳውን እንጂ ካሜራውን አይደለም፤ ስለዚህ ብናኙ አያሳስብም።

ስልክ ሲግል ሽፋኑን ያውልቁለት፣ ከቻርጀር ይንቀሉት፣ ጥላ ውስጥ ያስቀምጡት። ፍሪጅ ውስጥ ወይም በረዶ ላይ አያስቀምጡት። ድንገት የቀዘቀዘ ዕቃ ሞቃት አየር ሲነካው ጤዛ ያወጣል፤ ያ ጤዛ ደግሞ ውስጡም ሊያወጣ ይችላል። ማቀዝቀዣ ካለው የሆቴል ክፍል በቀጥታ ሲወጡ ሌንሱ የሚደበዝዘው በዚሁ ምክንያት ነው። አየሩ ደረቅ በሆነበት ቀላል ነው፤ እንደ አርባ ምንጭ ወይም ጋምቤላ እርጥበት ባለበት ግን ይብሳል። መፍትሔው ቦርሳውን ሳይከፍቱ አውጥተው ግማሽ ሰዓት ያህል ማቆየት ነው። ካሜራው ቀስ ብሎ ይሙቅ።

ደግሞም ክዳኑ የተከፈተ ሌንስ ፊቱን ወደ ፀሐይ አድርገው አያስቀምጡ። በልጅነታችን በአጉሊ መነጽር ወረቀት እናቃጥል እንደነበረው፣ ሌንሱም የካሜራውን ውስጥ ያቃጥላል።

ከጠረጴዛው ወደ ቦርሳው

አሁን ወደ ጠረጴዛዬ ልመልስዎ። የማሽገው በሦስት ልብስ ነው።

የመጀመሪያው ልብስ ዚፕ ያለው ላስቲክ ነው። ካሜራው ከነሌንሱ በአንድ፣ ሁለተኛው ሌንስ በሌላ፣ ቻርጀርና ገመድ በሦስተኛው ይገባሉ። በየላስቲኩ ውስጥ ከጫማ ካርቶን የተገኘው ሲሊካ ጄል አንድ አንድ ይጨመራል። ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ከረጢቱ ልጅ እጅ እንዳይገባ ይጠንቀቁ። ፌስታል አይተካውም፤ አፉ አይዘጋም፣ ሲቀደድም አያስታውቅም።

ሁለተኛው ልብስ ጥብቅ ክዳን ያለው የምግብ ዕቃ ነው። በውስጡ ካርዶች፣ ባትሪዎችና መጥረጊያዎች ይቀመጣሉ። ባትሪዎቹ የብረት አፋቸው ሳንቲም ወይም ቁልፍ እንዳይነካው በክዳናቸው ወይም በፕላስተር ይሸፈናሉ። የሞላው ባትሪ አፉ ወደ ላይ፣ ያለቀው ወደ ታች ይሆናል፤ በጨለማም በዳሰሳ ይታወቃል።

ሦስተኛው ልብስ ቦርሳው ራሱ ነው። አዲስ የካሜራ ቦርሳ መግዛት ግድ አይደለም። ዚፑ የማይሾልክ፣ ቀለሙ ነጣ ያለ የልጅ የትምህርት ቤት ቦርሳ በፎጣ ከተደለደለ ይበቃል። ጥቁር ቦርሳ ፀሐይን ይጠጣል። ከመነሣትዎ በፊት ቦርሳውን በደንብ አራግፈው፣ የማዕዘኑን አቧራ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ያድርቁት። ያለፈው ጉዞ አሸዋ ውስጡ ከተቀመጠ የቆላውን አቧራ ከጎፋ ይዘው እየሄዱ ነው።

ካርድን በተመለከተ ከእታለም በኋላ የማልለውጠው ሕግ አለኝ። አንድ ትልቅ ካርድ ሳይሆን ብዙ ትንንሽ ካርዶች እይዛለሁ፤ ለየቀኑ አንድ። ከቤት ሳልወጣ ሁሉንም ባዶ አድርጌ አዘጋጃለሁ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ፎርማት የሚባል ነገር የለም፤ ካሜራው ቢለምነኝም። ካርድ አልነበብ ካለ ይወጣል፣ ከረጢት ውስጥ ይገባል፣ አዲስ ካርድ ይተካል፤ ሌላው ሁሉ አዲስ አበባ ይደርሳል።

መንገድ ላይ

ከጎፋ በሳሪስና በቃሊቲ አድርገን ቱሉ ዲምቱ ላይ ፈጣን መንገዱን እንይዛለን። አዳማን፣ ወለንጪቲን፣ መተሐራን አልፈን አዋሽ ሰባት፤ ከዚያ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎግያ፣ ሰመራ። እናቴ ስላለች ሳንቸኩል፣ አዋሽ ላይ አድረን ነው የምንሄደው። እያንዳንዱ ቁልቁለት አየሩን ያሞቀዋል።

መንገድ ላይ ያለኝ ደንብ «በስልክ ይበቃል» ነው። የሚያልፈው ግመል፣ የፈንታሌ ተራራ፣ የልጆቹ እንቅልፍ በስልክ ይነሣሉ። ካሜራው የሚወጣው ቆመን፣ መኪናው ጠፍቶ፣ አቧራው ተቀምጦ፣ ምን እንደምናነሣ ስናውቅ ብቻ ነው። ጠዋት እስከ ሦስት ሰዓት፣ ማታም ከአሥር ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ለስላሳ ነው፤ በመካከሉ ያለው ጊዜ ለካሜራም ለፊትም ክፉ ነው፣ ጥላ ውስጥ ይረፉ። ምልክት ወይም ጥያቄ መስታወቱ ላይ ከመጣ መጀመሪያ ጥላ ይፈልጉ፣ ያንብቡ፣ ከዚያ ይንኩ።

ወደ አፍዴራ የጨው ሐይቅ ወይም ወደ ዳሎል የሚዘልቁ ካሉ ጨው ሌላ ጠላት ነው። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፣ ውሃው ከባድ አሲድ ያለበት ቦታ ነው። ካሜራ መሬት ላይ አይቀመጥበትም። የትራይፖዱ እግር ጨው ከነካ ማታ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ይደርቃል፤ የካሜራው ውጪ ደግሞ አቧራው ከተነፋለት በኋላ በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል።

ማታ ማታ

ማታ ክፍል ሲገቡ ሁሉም ነገር ሃያ ደቂቃ ይወስዳል። መጀመሪያ መስኮት ይዘጋል፣ ማራገቢያ ይጠፋል። ቦርሳው ከውጪ ይጠረጋል። ካሜራው ሳይከፈት ከውጪ ይነፋል፣ ይቦረሻል። ካርዱ ወጥቶ ፎቶው ላፕቶፕ ላይ ይገለበጣል፤ ላፕቶፕ ከሌለ በካርድ ማንበቢያ ወደ ስልክ። ተገልብጦ ጥቂቱ ተከፍቶ ከታየ በኋላም ካርዱ አይጠፋም፤ ይቀመጣል። ላፕቶፑ በአንድ ሻንጣ፣ ካርዶቹ በሌላ ሰው ቦርሳ ይሄዳሉ። አንዱ ቢሰረቅ ወይም ቢወድቅ ሌላው ይተርፋል። በእኛ ቤት ካርዶቹን የምትይዘው እናቴ ናት፤ ገንዘብ የምትቋጥርበት መሐረብ ውስጥ የገባ ነገር ጠፍቶ አያውቅም።

በአውሮፕላን የሚሄዱ ከሆነ

ሰመራም ሆነ ድሬዳዋ በአውሮፕላን ይደረሳል። ትርፍ ባትሪና ፓወር ባንክ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገቡም፤ ከእርስዎ ጋር በእጅ ቦርሳ ይሄዳሉ። እስከ 100 ዋት አወር ያለው አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ፓወር ባንክዎ ላይ ኤም.ኤ.ኤች. ብቻ ከተጻፈ ሂሳቡ ቀላል ነው፤ በ3.7 አባዝተው ለ1000 ያካፍሉ። 20000 የሚለው 74 ይመጣል፤ 30000 የሚለው 111። ካሜራውም በእጅ ቦርሳ ይሁን።

ዳጉ ሳያልቅ አይውጣ

የተዘጋ ቦርሳ ሌላም ጥቅም አለው። አፋሮች ሲገናኙ ዳጉ አላቸው፤ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ እየተባባሉ ወሬ የሚለዋወጡበትና ወሬው እውነት መሆኑን የሚያጣሩበት የቆየ ሥርዓት። ባለፈው ዓመት ወንድሜን ለማየት ለብቻዬ በወረድኩ ጊዜ ጎረቤቶቹ እንዲህ ሲነጋገሩ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። በዚያ መሐል ካሜራ ማውጣት የሰው ቤት ገብቶ ሰላም ሳይሉ ድስት እንደመክፈት ነው። ሰላምታው ይለቅ፣ ስምዎን ይናገሩ፣ ይጠይቁ፣ «አይሆንም» ከተባሉ አመስግነው ይተዉት። ያነሡትን ለመላክ ቃል ከገቡ ይላኩ።

ብዙ ሳያነሡ መመለስም ነውር አይደለም። ዊልፍሬድ ቴሲጀር የሚባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ የተወለደው እዚሁ አዲስ አበባ፣ እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። በ23 ዓመቱ፣ በ1933 መጨረሻ፣ አዋሽ ባሕር ሳይደርስ የት እንደሚቀር ለማየት በግመል የአፋርን ምድር አቋርጦ በ1934 አቤ ሐይቅ ደረሰ። ፎቶም አንሥቷል፤ በፊልም። ምን እንዳነሣ ለማየት ፊልሙ እስኪታጠብ መጠበቅ ነበረበት፤ እስከዚያ ፊልሙን ከዚያ ሙቀት መጠበቅ ብቻ ነው። የሕይወት ዘመን ፎቶዎቹ ዛሬ ኦክስፎርድ፣ ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ይገኛሉ። እኛ ደግሞ ያነሣነውን በዚያው ሰከንድ እናያለን፤ ስላየነውም ያስቀመጥነው ይመስለናል። ሲመለሱ ከመቶው ፎቶ አሥሩን መርጠው ሰፈርዎ ካለው ፎቶ ቤት በወረቀት ያሳትሙ። አልበም ፎርማት አይደረግም።

ይህን ጽፌ ዕቃውን ስከት እናቴ ከጓዳ ወጣች። ጠረጴዛውን አየች፤ ላስቲኩን፣ የምግብ ዕቃውን፣ የተዘረጋውን ጋቢ።

«ይኼ ሁሉ ለካሜራው ነው?»

«አዎ እማዬ። ቆላ ነው፣ ይግላል፣ አቧራም አለ።»

«እኔስ? ለእኔ ምን ያዝሽልኝ?»

ሳቅን። ቆይቼ ግን ዝርዝሬን ገልብጬ አየሁት፤ ለባትሪ፣ ለካርድ፣ ለሌንስ እንጂ ለሰው የተጻፈ ነገር አልነበረበትም። ለ40 ዲግሪ ካሜራ የምሠጋ ሰው የ76 ዓመት እናት በዚያው መኪና ይዤ እየወረድኩ ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው ውሃ ጥሙ ዘግይቶ ነው የሚሰማው፤ ሰውነቱም ሙቀትን እንደ ወጣት አያስወጣም። በዝርዝሩ አናት ላይ ጻፍኩት፦ ለእያንዳንዱ ሰው ውሃ፣ በየሰዓቱ እንዲጠጣ። ለእናቴ ሰፊ ኮፍያና ሳሳ ያለ ቀሚስ፣ የደም ግፊት መድኃኒቷ በዚያው በቀዝቃዛው ቦርሳ። እኩለ ቀን ላይ ዕረፍት።

አይስ ቦክሱን ለካሜራው አስቤው ነበር። ለውሃው ሰጠሁት። ለካሜራው ጋቢው ይበቃዋል።

መልካም ገና፤ መልካም መንገድ።